የቁጥር አምስት አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ

ጊታር ተጫዋቹ አቶ ኪሩቤል ዘውዱ የሰጡት ቃል እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር አምስት ላይ ድራሙ ወደ ኋላ የሚቀረው ታስቦበት ነው። ሦስት ወር ተለማምደነዋል። ድራሙ እንደ መጨረሻ ፉርጎ ቀስ እያለ ይላቀቃል፤ ጊታሩና ቤዙ ትተውት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ተመልሰው ይወስዱታል። ዝምታውን ቆጥረነዋል፣ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ከዚህ አልበም አንድ ነገር ብቻ አትርፍ ብባል የማተርፈው እሱን ነው።»

ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ወይዘሮ ኢክራም ነስረዲን የሰጡት ቃል ደግሞ ይኸው፦ «ምንም የታሰበ ነገር የለም። ወንድሜ ሚፍታህ ድራም እየመታ ሳለ ቀኝ እጁ ከዳው። በኋላ የገደለው በሽታ መጀመሪያ የታየው እዚያ ላይ ነው። ስቲኩ ከእጁ ወደቀ፣ እኛም ቆምን። ሌላ የመቅጃ ክር ስላልነበረን ደግመን መቅዳት አልቻልንም፤ እንዳለ ወጣ። ሚፍታህ ከመሞቱ በፊት ‹ያቺን ነገር አስተካክዪልኝ› ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ። ይስተካከል።»

ሁለቱም ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤታችን የደረሰው። ጉዳዩ ለእኔ ተመራ። ምንተስኖት እባላለሁ፤ በዳግም እትም ክፍል አጣሪ ነኝ። በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

አልበሙ «ከሰዓት» ይባላል። «ሦስት ፉርጎ» የተባለ፣ ዘፋኝ የሌለው የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ሥራ ነው። በ2023 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ የባቡር ጥገና ጋራዥ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ተቀዳ። ስሙን ያገኘው ከተቀዳበት ሰዓት ነው፤ ከተማው በሙቀቱ ምክንያት ሱቁን ዘግቶ ጋደም የሚልበት፣ መኪናም የማያልፍበት ሰዓት ነበር። አምስት ቁራጭ አለው። ልጆቹ በርዕስ መስማማት ስላልቻሉ ቁራጮቹ በቁጥር ቀሩ። ጥቂት ሰው ሰማው፣ ጥቂት ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰው «ድራመኛው የጠፋበት አልበም» እያለ ቀለደበት። ባንዱ ሁለተኛ አልበም አልሠራም።

ስልሳ ዓመት የሞላው ሥራ ወይ ይታደሳል ወይ ከመዝገብ ይወጣል። ሲታደስ የቀድሞው ቅጂ ባለበት ሁሉ፣ በሰው ጆሮም ሆነ በእኛ የድምፅ ጎተራ፣ በዚያው ቀን በአዲሱ ይተካል። የመጀመሪያው ክር ካለም ይወገዳል። ስለዚህ የምንሞላው ቅጽ አንድ ገጽ ብቻ ቢሆንም ጊዜ እንወስድበታለን። በሥራው ውስጥ ወጣ ያለ ነገር ሲገኝ ጥያቄው አንድ ነው፤ ታስቦበት ነው ወይስ ሳይታሰብ? ታስቦበት ከሆነ ይቆያል። ሳይታሰብ ከሆነ ይስተካከላል። ሳይታሰብ የሚመጣ ድምፅ ሰሚን ያደክማል ተብሎ የተወሰነው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፤ ተከራክሬበት አላውቅም። በሕይወት ያሉት ተጫዋቾች ከተስማሙ የእነሱ ቃል ይጸናል። ካልተስማሙ አጣሪው ሥራውን በጥሬው አድምጦ ይወስናል።

በመስከረም አጋማሽ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ወረድኩ። የክር ማጫወቻው በሣጥን ውስጥ ጭኔ ላይ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ብቻ ስላለ ከዕቃ ጋር አይጫንም።

ከጎኔ አዲስ ተጋቢዎች ተቀምጠዋል። አንድ ዘፈን ከፍተው አብረው ይሰሙ ነበር። እሱ ትከሻውን ሲያነሣ እሷ ታወርዳለች። ዘፈኑ ለእሱ ፈጠን ብሎ፣ ለእሷ ደግሞ ረጋ ብሎ ተላምዷል፤ ሌላ ምንም የለም።

«እዚህ ጋ ስትደርስ የምትላት ነገር!» አለችው ክንዱን ይዛ።

«ቆይ፣ ገና አልደረስኩም» አላት።

ትንሽ ቆይቶ ደረሰና ሳቀ። እሷ በዚያን ጊዜ ሌላ ዘፈን ጀምራለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ ደስተኞችም ይመስሉኛል። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። አልቃሿ አንድ ናት፤ እኛ ግን የየራሳችንን ሰምተን፣ በየራሳችን ጊዜ አልቅሰን እንወጣለን። ይህን በክፋት አልጽፈውም። ሰው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ድምፅን ሁሉ በልኩ የሚያስማማለት ፍሬ ይዞ የሚኖር ከሆነ ሌላ ሊሆን አይችልም።

እኔ በጥሬው ማድመጥን ለመሠልጠን መጀመሪያ ፍሬዬን ባወጣሁበት ቀን ቤት ሄጄ አባቴን ሰላም ብዬው ነበር። ሲመልስልኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ። የሚያውቀኝ፣ የማላውቀው፣ ሻካራ ድምፅ ነበር።

ድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር የተሰጠን ክፍል ምድር ቤት ነው። ከተማው በሙቀቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ዝግ ስለሚሆን ሰዎቹን ለሦስት ሰዓት ቀጠርኳቸው። ቀድመው የደረሱት እማማ ኢክራም ነበሩ። የሰማንያ አንድ ዓመት ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሰማያዊ ሻሽ አስረዋል፤ በእጃቸው ፌስታል ሙሉ ሳምቡሳ ይዘዋል።

«እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ እማማ» አልኩ።

ዞር ብለው ወደ በሩ አዩ። «እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። እዚህ ድሬ ነው። አንቺ በለኝ።»

«አልችልም፣ እማማ።»

«ብላ እሺ። ሳምቡሳ ትችላለህ አይደል?»

አንዱን ገና ስገምጥ ጋሽ ኪሩቤል ገቡ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ላይ አንድ ጸጉር የለም፤ በብብታቸው የቆየ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘዋል። ሁለቱ አራት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እየኖሩ ለዘጠኝ ዓመት ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ከንግግራቸው አያስታውቅም።

«አንተ፣ አልሞትክም?» አሉ እማማ ኢክራም።

«አንቺን ሳልቀብር?»

«ጸጉርህ ግን ቀድሞሃል።»

«እሱ ድሮም አይታገሥም።» ጋሽ ኪሩቤል ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛው አንተ ነህ? ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ስድስት። ዳኛ አይደለሁም፣ አጣሪ ነኝ።»

«እኛ ይህን ስንሠራ ሃያ አንድ ነበርን። ስለዚህ ትችላለህ።»

ቃላቸውን በየተራ አነበብኩላቸው። እማማ ኢክራም እስከ መጨረሻው አልጠበቁም።

«ሦስት ወር ተለማመድን ይላል! የት ነው የተለማመድነው? እኔ የት ሄጄ?»

«አንቺማ ነበርሽ። ሁልጊዜ እያረፈድሽ ነበርሽ።»

«ኪሩቤል፣ ልጁ እጁን ማንሣት አቅቶት ነበር። አይተኸዋል። ከፊትህ ነበር።»

«ያየሁትን አውቃለሁ።»

«የምታውቀው ጊታርህን ነው። እሱ ነገ ምን ይሉኛል ብሎ ሁለት ዓመት ከቤት ሳይወጣ ሞተ። ሰው በመንገድ ‹ድራመኛው፣ ተገኘህ ወይ?› ይለው ነበር። እኔ የማስተካክለው ለማንም አይደለም። ለሱ ነው።»

ጋሽ ኪሩቤል ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን በእጃቸው ሸፈኑት።

እኔ ሥራዬን በደረጃ ነው የምሠራው። መጀመሪያ እያንዳንዳቸው በጆሯቸው የሚሰሙትን ቁጥር አምስት በመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ አስተላለፉልኝ። የጋሽ ኪሩቤል ድራም የሚቀረው በሥርዓት ነው። ረጅም ኮሪደር ላይ ወደ ኋላ እየሄደ የሚርቅ ይመስላል፤ ጊታሩ በራቀው ልክ ይሰፋል፤ ዝምታው ንጹሕ ነው። ይህን የሰማ ሰው ታስቦበት አይደለም ሊል አይችልም። የእማማ ኢክራም ግን ሌላ ነው። ቤዙና ጊታሩ ሳይዛነፉ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ድራሙ ብቻውን ይደናቀፋል፤ ስቲኩ ሲወድቅ እንደ ብረት ይጮኻል። ይህንንም የሰማ ሰው ታስቦበት ነው ሊል አይችልም።

ከአዲስ አበባ ከመነሣቴ በፊት እኔም አድምጬው ነበር፣ በራሴ ፍሬ። የእኔው ቁጥር አምስት ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው። ድራሙ አይቀርም። ዝምታም የለበትም። ደስ የሚል ነገር ነበር፤ እየሰማሁ ቁርሴን በልቻለሁ።

ፍሬ ለሰው የሚፈልገውን ይሰጣል ይባላል። በሥራዬ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። የሚሰጠው ሰው የሚያስታውሰውን ነው፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያጠራ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ፍሬ ያስገቡት በአርባ ዓመታቸው ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዳቸው ትክክል መሆናቸውን ሰምተዋል። ማናቸውም አልዋሹም። ይህንን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተያዩ።

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ክሩን ያመጡበትን ጣሳ ጠቆምኩ።

ክዳኑን ሲከፍቱ ጥቅሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ቡናማ ክር ነው፣ ጣት የሚያህል ስፋት እንኳ የለውም። «ማጫወቻ ኖሮኝ አያውቅም» አሉ። «ያ የቀዳንበት የአጎቴ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተቃጠለ። እኔ ቤት ስቀይር ይዤው እዞራለሁ። ልጆቼ ወተት መስሏቸው አንድ ሁለቴ ከፍተውታል።»

በተለመደው አሠራር አጣሪው ሌሎቹን አስወጥቶ ብቻውን ያዳምጣል። መመሪያውን ደግሜ አነበብኩት። አጣሪው በጥሬው ያድምጥ ይላል እንጂ ብቻውን ያድምጥ አይልም።

«አብረን እንስማው» አልኩ። «ፍሬያችሁን አውጡ።»

እማማ ኢክራም እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ያለ ፍሬ ምን እሰማለሁ? ጆሮዬ አርጅቷል።»

«ያለውን ያህል ይሰማሉ።»

«አስፈራርቶኝ አረፈ» አሉ፤ ግን አወጡት።

ከወጣ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ራስ ያዞራል። መጀመሪያ የሚመጣው የክፍሉ ድምፅ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ይንጫጫ ነበር፤ እኛ ስንገባ ጸጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እማማ ኢክራም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ጠዋት ከሰማሁት ወፍራም ነው፤ በመሐል ይሰነጠቃል። ጋሽ ኪሩቤል ደንግጠው አዩአቸው።

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ልሁን?»

«የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበረሽ እኮ፣ እስካሁን።»

«ያንተም እንደ ሬዲዮ አንባቢ ነበር። አሁን ነው ኪሩቤል የመሰልከው።»

ማጫወቻውን ከአንድ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁት። አንድ ነበር፤ ለሦስታችንም። ክሩን አስገብቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

ከሙዚቃው በፊት ጋራዡ መጣ። በፀሐይ የሚፍታታ የጣራ ቆርቆሮ ይንጣጣል። ርግቦች አሉ፣ ብዙ። አንድ ሰው አሳለና ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመ። ይህ ሁሉ የተቀዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ስልሳ ዓመት ያለፈበት አየር ክፍሉ ውስጥ ገብቶ እንደቆመ ተሰማኝ።

ከዚያ ቁጥር አንድ ጀመረ። ከዚያ በፊት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ አልበሞችን በጥሬው አድምጬ ነበር። አብዛኞቹ ሲወለዱም የተስተካከሉ ናቸው፤ ፍሬ ቢያወጡም ብዙ ልዩነት የላቸውም። ይኼ ግን ሦስት ሰዎች ነበሩ። ይህን እንዴት እንደምጽፈው ለብዙ ቀን አስቤበታለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ሦስት ሰዎች መሆናቸው ይሰማል። ጊታሩ ከሌሎቹ በጥቂቱ ይቀድማል፤ ቸኩሎ ነው። ቤዙ መሬቱን እየነካ ይሄዳል። ድራሙ ግድግዳው ላይ ደርሶ፣ ዘግይቶ፣ ትንሽ ወፍሮ ይመለሳል፤ መቺው ያንን ተመላሽ ድምፅ ይጠብቀውና ከላዩ ላይ ይመታል። ከግድግዳ ጋር እየተነጋገረ ነው። አንዱ አዲስ ነገር ሲያመጣ ሌላው ሲስቅ ይሰማኛል፣ ሳቅ ግን የለም፤ የሚመልስለት በገመድ ነው።

ሁለት፣ ሦስትና አራት አለፉ። ቁጥር ሦስት ላይ ጋሽ ኪሩቤል አንድ እጃቸውን አነሡ፣ ልክ ጊታሩ ሊሳሳት ሲል፤ ተሳሳተም፤ እጃቸውን አወረዱ።

ቁጥር አምስት ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ሐሳብ ይደጋግማል፤ በተደጋገመ ቁጥር ይከብዳል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ከወንበሬ ጋር የተያዝኩ መሰለኝ። አንድ ትልቅ ነገር ሐዲድ ላይ እየመጣ ነው፤ ሁላችንም እያየነው ነው፤ ማንም ከመንገዱ አይወጣም። በዕድሜዬ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ነገር፣ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ መልኩ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ ሳተ።

ትንሽ ነው። ቀኝ እጁ የሚመታው የነሐስ ሳህን አንድ ጊዜ ቀረ። ቀጥሎ መጣ፤ ግን ዘገየ። ቀጥሎ ደግሞ የባሰ ዘገየ። ታስቦበት እንዳልሆነ ለመረዳት ሙዚቃ ማወቅ አያስፈልግም። ሰው ከደረጃ ሊወድቅ ሲል አካሉ የሚያወጣው ድምፅ ነው። እማማ ኢክራም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ የሆነውን ግን ማናችንም አልጠበቅንም። ቤዙ ዘገየ።

በሁለቱም ቅጂ ቤዙ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። እዚህ አይደለም። ድራሙ በዘገየ በሁለተኛው ምት ላይ ቤዙም እግሩን ሰበሰበ። ድራሙ ሲጠፋ ይጠብቃል፤ ሲመጣ አብሮ ይረግጣል። ጊታሩ አሁንም ብቻውን ወደፊት እየሮጠ ነበር፤ ከአሥር ሰከንድ በኋላ እሱም ሰማና ፍጥነቱን ጣለ። ያ ሁሉ የመጣ ክብደት፣ ያ ባቡር፣ አንድ እጅ ለከዳው ልጅ ሲል ብሬክ ይዞ ይንሸራተት ጀመር። ይህን የሚያህል ነገር እንዲህ ቀስ ብሎ ሲቆም ሰምቼ አላውቅም።

ስቲኩ ወደቀ። እንደ ብረት አልጮኸም። ቀላል እንጨት ነው፤ ሲሚንቶው ላይ ሁለት ጊዜ ነጠረና ተንከባለለ። ጊታሩ ወዲያው ተቆረጠ። ቤዙም ተወ። ርግቦቹ ብቻ ቀሩ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ሥራዬ ነው። ሁለተኛው ሰከንድ። ሦስተኛው። አንድ ሰው በአፍንጫው በኃይል ይተነፍሳል። ከዚያ ዱብ የሚል ነገር ተሰማ። እንጨት ላይ ነው፣ ለስላሳ። ዝም አለ። እንደገና ዱብ። እኩል ነው፤ አይቸኩልም፣ አያቋርጥም። ሐሳቡ ሲጀመር የነበረውን ምት፣ በግማሽ ፍጥነት፣ አንድ ሰው ይዞ ቆሟል። ርግቦች፣ ቆርቆሮ፣ ዱብ። ሳላውቀው አንገቴ አብሮ ይነቀንቅ ነበር። ቀና ስል ጋሽ ኪሩቤልም ይነቀንቃሉ፤ ከእኔ ጋር እኩል። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ላይ እኩል ሲያርፉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ሰከንድ ድራሙ ተመለሰ፣ በግራ እጅ ብቻ። ዱቡ ላይ አረፈ። ቤዙ ገባ። ጊታሩ የገባው መጨረሻ ነው፣ በጣም ዝቅ ብሎ። እንደዚያው ሆነው ሦስት ደቂቃ ያህል ሄዱ፤ ከዚያ ክሩ አለቀና ጫፉ በጥቅሉ ላይ ይማታ ጀመር። አጠፋሁት።

«ያ እንጨት ላይ የሚመታው ምንድን ነው?» አልኩ።

«እሷ ናት» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «መሬቱ ያቃጥላል ብላ የፉርጎ ሣንቃ ላይ ነበር የቆመችው። እግሯ ነው።»

እማማ ኢክራም ማጫወቻውን እያዩ ነበር። «ረስቼዋለሁ» አሉ። «ወላሂ፣ ረስቼዋለሁ።»

ጋሽ ኪሩቤል ራሳቸውን ዳበሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፍ» አሉ። «ሳይታሰብ ነው።»

«ቃልዎን ይለውጣሉ?»

«ሰማህ አይደል? ስቲኩ ሲወድቅ እኔ ደንግጬ ነው ያቆምኩት፤ ገመዱን በእጄ ነው የያዝኩት። ተለማመድነው ያልኩት… ሌላ ቁራጭ ይሆናል። ወይም ቢሆን ብዬ የተመኘሁት ነው። አላውቅም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ውሸታም ስላት ኖርኩ።» ወደ እማማ ኢክራም ዞሩ። «አንቺ ነሽ ልክ። ወንድምሽ ነው፤ ያዘዘሽን አድርጊ። እኔ አልከራከርም።»

ቅጹን አወጣሁ። ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው፤ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የእኔ ውሳኔ አያስፈልግም። ደንቡ ግን ከመፈረም በፊት የሚሆነውን ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዛል። አነበብኩ።

«የድራሙ ቀኝ እጅ ይሟላል። ቤዙና ጊታሩ ከድራሙ ጋር እኩል እንዲሄዱ ይደረጋል። ዝምታው በሙዚቃ ይሞላል። የጎን ድምፆች፣ ማለትም ርግብ፣ ቆርቆሮ፣ ትንፋሽ፣ የእግር ምት፣ ይጠራሉ። አዲሱ እትም ነገ ይወጣል። የቀድሞው ቅጂ ሁሉ ይተካል። ክሩ ይወገዳል። ትስማማላችሁ?»

«እስማማለሁ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፤ የባዶውን ጣሳ ክዳን እየገጠሙ።

እማማ ኢክራም ስልሳ ዓመት የጠበቁት ነገር ፊታቸው ተቀምጧል፤ የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነው። እስክሪብቶውን ያዙት፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ሚፍታህ ይህን ሰምቶት አያውቅም» አሉ። «አልበሙ ሲከፈት ከክፍሉ ይወጣ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ብትከፍተው ቴፑን ነቅሎ ጣለው። ጥለነው የሄድን ነበር የሚመስለው። ሰው ሁሉ እንደዚያ እያለ ነበር የሚስቀው፤ እነሱ ሄዱ፣ እሱ ጠፋ። ‹አስተካክዪልኝ› ያለኝ ሳይሰማው ነው። እኔም እሺ ያልኩት ሳልሰማው ነው።»

«ኢክራም፣ ቃል ገብተሻል እኮ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል በለሆሳስ። «በኔ የተነሣ አትለውጪ።»

«ባንተ የተነሣ? አንተ አሥር ሰከንድ ሙሉ ብቻህን ስትሮጥ ነበር። አልሰማሁህም?»

ጋሽ ኪሩቤል ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

«ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እማማ?» አልኩ።

ማንም ሳያዛቸው ብድግ አሉ። ድምፃቸው በባዶ ጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ ስለማያውቁ ጮኸው ነው የተናገሩት።

«የወንድሜ እጅ ስቷል፤ እሱን አልክድም። እኔ ግን አልሳትኩም። እያወቅኩ ነው የዘገየሁት፣ እያወቅኩ ነው ቆሜ የጠበቅኩት። ታስቦበት ነው ብለህ ጻፍ። ማን አሰበው ካሉህ፣ ኢክራም ነስረዲን በላቸው። እንዳለ ይውጣ!»